48 ቀን የተደበቀ ስንብት፦ የአንዲት የመጋዘን ባለሙያ ሥራ ፍለጋ

ይህን ጉዳይ ለምን ጻፍኩት?

ላለፉት 14 ዓመታት በሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ሠርቻለሁ። የቅጥር ደብዳቤም የስንብት ደብዳቤም በእጄ አልፏል። የተሰናበተው ሰው ከግቢ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚገጥመው ግን በቅርብ አይቼ አላውቅም ነበር። ደብዳቤው ከተፈረመ በኋላ ሰውየው ከእኛ ዓይን ይጠፋል።

ይህችን ሴት ግን ከ2017 ፋሲካ ማግስት እስከ አዲስ ዓመት ድረስ በየሳምንቱ አገኛት ነበር። የሆነውን ሁሉ በደብተር ይዤዋለሁ። እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ስሟን፣ የሠራችባቸውን ድርጅቶችና የቀጠራትን ነጋዴ አልጠቅስም። ከተማው አዳማ ነው።

ከብዙ ጉዳዮች መካከል ይህን የመረጥኩት ለሥራ ፍለጋዋ መጓተት ዋናው ምክንያት ሥራ ማጣቷን መደበቋ ስለነበር ነው። ይህን ራሷ ደጋግማ ትናገራለች። እኔም መዝገቤን ሳገላብጥ የማገኘው ይኸንኑ ነው።

ባለጉዳይዋ

ዕድሜዋ 38 ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ናት። ባለቤቷ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነው። የሚኖሩት በኮንዶሚኒየም ሲሆን የባንክ ዕዳው ገና አላለቀም።

በሎጂስቲክስ የመጀመሪያ ዲግሪ አላት። ሥራ የጀመረችው በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ንብረት ክፍል ነው። እዚያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ከዚያ ኤንጂኦ ገባች። በአንደኛው አራት ዓመት፣ በመጨረሻው ደግሞ ስድስት ዓመት ቆይታለች። የመጨረሻው ደመወዟ 48,000 ብር ነበር።

ሥራዋ በጤና ጣቢያዎች በኩል በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚታደል አልሚ ምግብ መቀበል፣ ማከማቸትና ወደ ወረዳዎች መላክ ነው። መኪና ትከራያለች። ጫኝና አውራጅ ታስማማለች። ቆጠራ ትሠራለች። ጊዜው ሊያልፍ የደረሰ ካርቶን ቀድሞ እንዲወጣ ታደርጋለች። በስድስት ዓመት ውስጥ ጊዜው አልፎ የተወገደ ዕቃ አንድ ጊዜ ብቻ አጋጥሟታል። እሱም 11 ካርቶን ነው።

ስንብቱ እንዴት መጣ?

የጥምቀት ማግስት ነበር። ጥር 12 ቀን 2017 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም ትእዛዝ ፈረሙ። በዚያው ሳምንት በአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ኤጀንሲ በዩኤስኤአይዲ ገንዘብ የሚሠሩ ፕሮጀክቶች ሥራ እንዲያቆሙ ተነገራቸው። በአገራችን ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 የሚሆኑ የጤና ባለሙያዎችን ውል አቋረጠ። የእሷ ድርጅት ሠራተኞቹን ቤት እንዲቆዩ አደረገ። ደመወዝ አልተቋረጠም ነበር።

የካቲት መጨረሻ ላይ ፕሮጀክቱ መሰረዙ ታወቀ። የአድዋ በዓል ማግስት፣ የካቲት 24፣ የስንብት ደብዳቤ ተሰጣት። የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ነው። መጋቢት 1 ቀን የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማርኮ ሩቢዮ ከኤጀንሲው ፕሮግራሞች 83 በመቶው መሰረዛቸውን አስታወቁ።

ይሁንና ተስፋው አልሞተም። ከተሰረዙት አንዳንዶቹ ሲመለሱ ታየ። የባልደረቦቿ የቴሌግራም ግሩፕ በየቀኑ በወሬ ይሞላ ነበር። «90 ቀኑ ይለቅ» ይባባሉ ነበር። 90 ቀኑ ሲቆጠር የሚያልቀው ሚያዝያ 12 ላይ ነው። ያም የፋሲካ ዕለት ነበር።

የተደበቁት ቀናት

ደብዳቤውን ለባለቤቷ ብቻ አሳየችው። ለእናቷ፣ ለጎረቤት፣ ለማኅበርተኞቿ፣ ለዕቁቡ ሰዎች ትንፍሽ አላለችም። ጠዋት እንደወትሮው ለብሳ ትወጣለች። ልጆቹን ትምህርት ቤት ታደርሳለች። ከዚያ ቅዳሴ ካለ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ ጾም ስለነበር ሰው አይጠረጥርም። ከሰዓት በኋላ አንድ ካፌ ጥግ ላፕቶፕ ከፍታ ትቀመጣለች። በሥራ መውጫ ሰዓት ቤት ትገባለች።

ለምን እንደደበቀች ጠይቄያታለሁ። ሁለት ነገር ነገረችኝ። አንደኛው ተስፋው ነው። ፕሮጀክቱ ከተመለሰ ለምን በከንቱ ይወራብኛል አለች። ሁለተኛው ሐፍረት ነው። በሰፈሩ «የኤንጂኦዋ» እየተባለች ነው የምትጠራው። ለቅሶ ቤት ቀድማ የምታዋጣ፣ ዘመድ ሲቸገር የምታበድር እሷ ነበረች። ያንን ቦታ መልቀቅ ከደመወዙ በላይ ከበዳት። ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች። እኔም ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ደግሜ አልጠየቅኋትም።

በእነዚህ 48 ቀናት ሥራ አልፈለገችም ማለት አይደለም። 41 ማመልከቻ ልካለች። ሁሉም በኢንተርኔት፣ ሁሉም ለኤንጂኦ ነው። ሲቪዋን ለአንዱም አልቀየረችም። መልስ ያገኘችው ከሁለት ቦታ ብቻ ሲሆን ሁለቱም «አልተመረጡም» የሚሉ ናቸው። ይህ አያስገርምም። በአንድ ወር ውስጥ ከእሷ ጋር የሚመጣጠን ልምድ ያለው ሕዝብ በአንድ ጊዜ ገበያ ወጥቷል። የሚከፈተው ቦታ ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነው።

አንድ ጊዜም ተጭበርብራለች። በቴሌግራም ያገኘችው ሰው «ለአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የመጋዘን ኃላፊ እንፈልጋለን» አላት። የመመዝገቢያ 3,000 ብር በቴሌብር አስላከ። ከዚያ ስልኩ አልሠራም። ለማንም ስላልነገረች «ተው፣ ይሄ ነገር ውሸት ነው» የሚላት ሰው አልነበረም።

ፋሲካ

የፋሲካ ዕለት እናቷ ቤት ተሰብስበው ነበር። እናቷ ዶሮውን እያወጡ «ልጄ፣ ደህና ነሽ? ፊትሽ ጠቁሯል» አሏት። አልቻለችም። ሁሉንም ነገረቻቸው። 90 ቀኑም ያለቀው ያን ቀን ነው። ከፕሮጀክቱ የመጣ ወሬ አልነበረም።

እናቷ አልጮሁም፤ አልቆጧትም። «ይኸው ነው? እኔ ታመሽ መስሎኝ» አሉ። በሦስተኛው ቀን ወደ እኔ የላኳት እሳቸው ናቸው። ከእናቷ ጋር በአንድ ዕድር ነን።

መጀመሪያ ሒሳቡ

የመጀመሪያው ቀን ስለ ሥራ አላወራንም። ወረቀት ይዘን ሒሳብ ነው የሠራነው። ከስንብት ክፍያው ግብር ተቆርጦ የቀረውና ያጠራቀመችው ሲደመር እጇ ላይ 170,000 ብር ገደማ ነበር። የቤቱ ወጪ በወር 38,000 ነው። የባለቤቷ ደመወዝ 11,000 ብር ስለሚሸፍን የሚጎድለው 27,000 ነው። በዚህ አካሄድ ገንዘቡ ስድስት ወር ብቻ ያቆያል።

ወጪውን ወደ 27,000 አወረዱት። የቤት ሠራተኛዋን አላሰናበቱም፤ ያን እኔም አልመከርኩም። ሥራ የሚፈልግ ሰው ከቤት መውጣት አለበት። የተቀነሰው ልብስ፣ የውጭ ምግብ፣ በራይድ ታክሲ መሄድና የበዓል ወጪ ነው። አሁን የሚጎድለው 16,000 ሆነ። አስር ወር ያቆያል ማለት ነው።

ትልቁ ጭንቀት በወር 5,000 የምትጥለው ዕቁብ ነበር። ልታቋርጠው አስባ ነበር። ለዕቁቡ ዳኛ እንድትነግራቸው ገፋፋኋት። ነገረቻቸው። በሚቀጥለው እሑድ ዕጣው የደረሰው ሰው ተራውን ለእሷ ለቀቀላት። 60,000 ብር አወጣች። ይህ ሰው መጋቢት ላይም በዚያው ዕቁብ ውስጥ ነበር። ያኔም ይለቅላት ነበር።

ወረቀቱ

ቀጥሎ የስንብት ሰነዶቿን አየሁ። ሦስት ነገር ጎድሎ አገኘሁ።

አንደኛው የማስጠንቀቂያው ጊዜ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሠራተኛ ቅነሳ የሚሰናበት ሰው የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። ለእሷ የተሰጣት የአንድ ወር ነው።

ሁለተኛው የስንብት ክፍያው ስሌት ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይከፈላል። በእሷ ደመወዝ ለመጀመሪያው ዓመት 48,000፣ ለአምስቱ ዓመት 80,000፣ በድምሩ 128,000 ብር ነው። ይህን በትክክል ከፍለዋታል። ሠራተኛው የወጣው በቅነሳ ከሆነ ግን አዋጁ ከዚህ በተጨማሪ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨምራል። እሱ አልተሰላም። 96,000 ብር ነው።

ሦስተኛው የሥራ ልምድ ደብዳቤዋ ነው። ሁለት መስመር ብቻ ነበር። «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በድርጅታችን ሠርተዋል» ይላል። ደመወዝ የለውም። የሥራ ግብር መከፈሉን አይገልጽም። በርካታ የቅጥር ማስታወቂያዎች ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ካልተገለጸ አይቀበሉም። አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን ጽፎ በነጻ የመስጠት ግዴታ በአዋጁ አለበት።

ከሥራ መቋረጥ ጋር የተያያዘ ክፍያ መጠየቂያው ጊዜ ስድስት ወር ነው። ስለዚህ ገና ጊዜ ነበራት። ነገር ግን ድርጅቱ ቢሮውን እያስረከበ ነበር። ቢሮ ሲዘጋ ማህተም ይጠፋል፤ ፈራሚውም ሌላ አገር ይሄዳል። ለዚህ ነው ወረቀቱን ከሥራ ፍለጋው ያስቀደምነው።

የከተማዋን የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አማከረች። ከዚያ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፈች። ክስ አላነሳችም፤ ዛቻም የለበትም። አንቀጾቹንና ስሌቱን ብቻ አስቀመጠች። በሦስት ሳምንት ውስጥ የ60 ቀኑ ተከፈላት። የልምድ ደብዳቤውም በአዲስ መልክ ተጽፎ፣ ተፈርሞና ማህተም አርፎበት መጣ። ሁለተኛውን የማስጠንቀቂያ ወር ግን አልከፈሉም። «ፕሮጀክቱ በድንገት ስለተቋረጠ ነው» አሉ። እሷም ተወችው። እኔ ብሆን አልተውም ነበር። ሆኖም ኃይሏን ለሌላ ነገር ፈለገችው፤ ውሳኔው የእሷ ነው።

ሲቪው

ሲቪዋ አራት ገጽ ነበር። ሲነበብ የፕሮጀክት ሪፖርት ይመስላል። ለኤንጂኦ ሰው ይገባል። ለአዳማ ነጋዴ ግን ሌላ ቋንቋ ነው። «የተጠቃሚዎችን ተደራሽነት ለማሻሻል የአቅርቦት ሥርዓትን ማጠናከር» የሚል ነገር አለው። አንድ አስመጪ ይህን አንብቦ ምን ይረዳል?

ቁጭ ብለን እያንዳንዱን መስመር «በቀን ምን ትሠሪ ነበር?» በሚል ጥያቄ ለወጥነው። ወደ ሁለት ገጽ ወረደ። ለምሳሌ እንዲህ ሆነ፦ «በወር በአማካይ 600 ኩንታል ዕቃ ተረክቤ ለ14 ወረዳዎች አሰራጭቻለሁ። የጭነት መኪና ኪራይ ዋጋ እደራደራለሁ። በየሦስት ወሩ ቆጠራ አካሂዳለሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ ጊዜው አልፎ የተወገደ ዕቃ 11 ካርቶን ነው።»

አንድ ነገር ደግሞ ከሲቪው ጠፍቶ ነበር። የዱቄት ፋብሪካው። «ያኔ ስቶር ኪፐር ነበርኩ፤ ዝቅ ያደርገኛል ብዬ አወጣሁት» አለችኝ። ሞዴል 19 እየቆረጠች ስትረከብ፣ ሞዴል 22 እየቆረጠች ስታወጣ፣ ቢን ካርድ (የዕቃውን ገቢና ወጪ የሚያሳየውን ካርድ) ስትሞላ የኖረችበት ሁለት ዓመት ነው። መለስነው። በኋላ እንደምናየው ከአሥሩ የኤንጂኦ ዓመታት የበለጠ የረዳት እሱ ነው።

የስም ዝርዝሩ

የማስታወቂያ ፍለጋውን አላቆምንም። የጋዜጣም የቴሌግራምም ማስታወቂያ በቀን ለአንድ ሰዓት ታያለች። የቀረውን ጊዜዋን ግን ለሰው አዋልነው።

በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አብረዋት የሠሩ ሰዎችን ስም እንድትጽፍ ነገርኳት። መጀመሪያ የጻፈቻቸው የኤንጂኦ ባልደረቦቿን ብቻ ነው። እነሱም እንደ እሷ ሥራ አጥተዋል። «መኪና የሚያከራዩሽስ? የመጋዘኑ ባለቤትስ? የጫኝና አውራጅ ማኅበሩ ሰብሳቢስ? ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጡት ትራንዚተሮችስ?» አልኳት። ዝም አለች። እነዚህን ሰዎች ለስድስት ዓመት ስታሠራቸው ኖራለች። ሥራ ይሰጡኛል ብላ ግን አስባ አታውቅም። ዝርዝሩ 57 ስም ደረሰ።

በቀን አምስት ሰው ትደውላለች። የምትለውን አብረን አዘጋጀን። ሰላምታ፣ ከዚያ «ፕሮጀክታችን ተዘግቶ ሥራ አቁሜያለሁ»። ይህች ዓረፍተ ነገር ትከብዳት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ዘልላት ነበር የምታወራው። ከዚያ «ሥራ አለ ወይ?» አትልም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰውን ያስጨንቃል፤ «የለም፣ ስሰማ እነግርሻለሁ» ብሎ ይዘጋዋል። በምትኩ «እናንተ ጋ በመጋዘንና በጭነት በኩል የሚያስቸግራችሁ ነገር ምንድን ነው?» ትላለች። ሰው ስለ ችግሩ ሲጠየቅ ያወራል።

ከ57ቱ 19ኙን በአካል አገኘች። ስድስቱ አንድ የተጨበጠ ነገር ጠቆሟት። ሦስቱ ቃለ መጠይቅ አስገኙላት።

ከሁሉም የማልረሳው የአንድ የከባድ መኪና ማኅበር የስምሪት ኃላፊ ነው። ጋሼ እያለች የምትጠራው፣ ለዓመታት መኪና የመደበላት ሰው ነው። ስትነግረው ደነገጠ። «መጋቢት ላይ የት ነበርሽ? አንድ ደንበኛዬ የመጋዘን ኃላፊ አጥቶ በየቀኑ ይጠይቀኝ ነበር። አንቺ ሥራ ላይ ነሽ ብዬ ስምሽን እንኳ አላነሳሁም» አላት። ያ ቦታ ተይዞ ነበር። እሱ ግን ስልኩን ዘግቶ አልተኛም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ደንበኛ አገናኛት።

መጋዘኑን ማየት

ይህ አዲሱ ደንበኛ ከውጭ የታሸገ ምግብና የጽዳት ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ነው። ዕቃው ከጂቡቲ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይመጣል፤ ከዚያ አዳማ ባለው መጋዘኑ ይራገፋል። ቃለ መጠይቁ አጭር ነበር። ሲቪዋን ገለጥ አደረገና «ኤንጂኦ የለመደ ሰው እኛ ጋ አይበረክትም» አለ። መኪና፣ አበልና ስብሰባ የለም ማለቱ ነው።

እሷ አልተከራከረችም። «መጋዘኑን ማየት ይቻላል?» አለች። ገብተው ዞሩ። አዲስ የገባው የጁስ ካርቶን ከፊት ተደርድሯል። የቀድሞው ከኋላ ግድግዳው ጋ ተቀብሯል። አንዱን አውጥታ ቀኑን አነበበችለት። የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። ሌላ አወጣች። እሱ አልፎበታል። ነጋዴው ራሱ ካርቶን ማንሳት ጀመረ። 140 ካርቶን አገኙ።

«በዱቄት ፋብሪካ ቢን ካርድ ላይ ቀን እጽፍ ነበር» አለችው። የትኛው ፋብሪካ እንደሆነ ጠየቃት። ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ወሬው ስለ ቅጥር ሆነ።

አንባቢ እዚህ ላይ እንዳይሳሳት እፈልጋለሁ። ሁለት ሰዓት መጋዘን ዞሮ ማየት ሌላ ነው። «ለሙከራ» እየተባለ ሳምንት በነጻ መሥራት ሌላ ነው። ሌላ ቃለ መጠይቅ ያደረገችበት ድርጅት በነጻ እንድትሠራ ጠይቋት ነበር። እምቢ አለች፤ ደግ አደረገች።

ደመወዝና ተያዥ

ነጋዴው 22,000 ብር አቀረበ። ከቀድሞዋ ግማሽ በታች ነው። ማታ ስትደውልልኝ ድምጿ ደክሞ ነበር። «እትዬ፣ አስር ዓመት ወደኋላ ተመለስኩ» አለችኝ።

ዋሽቼ አላጽናናኋትም። የኤንጂኦ ደመወዝ በአዳማ የግል ገበያ የለም፤ በቅርብም አይመጣም። መነጻጸር ያለበት ከ48,000 ጋር ሳይሆን ቤቱ ከሚጎድለው 16,000 ጋር ነው አልኳት። በማግስቱ ሄዳ እንዲህ አለችው፦ «በ24,000 እጀምራለሁ። የሙከራ ጊዜዬ ሲያልቅ ቆጠራ እናድርግ። ጊዜው ያለፈበትና የጎደለ ዕቃ ከቀነሰ ደመወዜን እንነጋገር።» የሙከራ ጊዜ በሕጉ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። ነጋዴው ተስማማ። በጽሑፍ አስገባችው።

ሁሉም አለቀ ብለን ስናስብ ተያዥ ተጠየቀች። ንብረት የሚረከብ ሠራተኛ ቋሚ ሥራና በቂ ደመወዝ ያለው ሰው ዋስ ማቅረብ አለበት። የባለቤቷ ደመወዝ አልበቃም። ባልደረቦቿ ሥራ የላቸውም። ወንድሟ ቀድሞ ለሌላ ሰው ተያዥ ሆኗል። አራት ቀን ተንከራተተች። ያወጣቻት የማርያም ማኅበርተኛዋ ናት። ባንክ ውስጥ ትሠራለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ማኅበር ላይ ችግሯን ሰምታ ነበር። ስለዚህ ስትጠየቅ አዲስ ነገር አልሆነባትም። ከመሥሪያ ቤቷ ደብዳቤ አጽፋ መጥታ ፈረመች።

ሰኔ 23 ቀን 2017፣ ሰኞ፣ ሥራ ጀመረች። በማግስቱ ዩኤስኤአይዲ በይፋ ሥራውን አቆመ።

የሠራውና ያልሠራው

በኢንተርኔት የተላከው ማመልከቻ ከነአዲሱ ሲቪ 58 ደርሶ ነበር። ከዚያ አንድም ቃለ መጠይቅ አልመጣም። በ6,000 ብር የወሰደችው ፒችትሪ የሚባል የሒሳብ ሶፍትዌር ሥልጠና እስካሁን ያስገኘላት ነገር የለም፤ ያንን የመከርኳት እኔ ነኝ፤ ቅር ይለኛል። በሦስቱም ቃለ መጠይቆች ስለ ፒችትሪ የጠየቃት ሰው የለም። የአዲስ አበባ ሙከራዋም አልተሳካም። ሁለት ጊዜ ሄዳ ተመልሳለች። ቢሳካም ኪራይና ትራንስፖርቱ ልዩነቱን ይበላው ነበር።

የሠሩት ነገሮች ቀላል ናቸው። ሰነዱን ቢሮው ሳይዘጋ መጨረሷ 96,000 ብርና የተሟላ ደብዳቤ አስገኝቶላታል። ወጪውን ቀድማ መቀነሷ ያገኘችውን ሁሉ ከመቀበል አድኗታል፤ በነጻ ሥሪ ያላትን ሰው እምቢ ያለችው ገንዘቧ አስር ወር እንደሚያቆያት ስለምታውቅ ነው። ዕቁቡ፣ ጥቆማውና ተያዡ የመጡት ከሰው ነው። ሦስቱም ከፋሲካ በኋላ ናቸው። በእነዚያ 48 ቀናት ግን ከሰው ያገኘችው ነገር ምንም የለም።

በእሷ ቦታ ላለ ሰው

ሁሉም ሰው እንደ እሷ ስድስት ዓመት መኪና ሲከራይ አልኖረም። ዝርዝሩ ግን ለማንም ይሠራል። መምህር የወላጆችን ስም ይጻፍ። ሒሳብ ሠራተኛ ዕቃ የሚያቀርቡትን፣ ባንክ ቤት ያሉትን፣ ኦዲተሮቹን ይጻፍ። አብረውህ የተሰናበቱት ወዳጆችህ ናቸው፤ ሥራ ያለው ግን ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ የነበረው ሰው ጋ ነው።

ለማን፣ መቼ መንገር እንዳለበት ሰዎች ይጠይቁኛል። ለሁሉም በአንድ ቀን መንገር አይጠበቅም። መጀመሪያ የቤት ሰው፣ ቀጥሎ ገንዘብ የሚያገናኛችሁ ሰዎች፣ ከዚያ ሥራ የሚያገናኛችሁ። በሁለት ሳምንት ይለቅ። ፕሮጀክቱ ቢመለስ «ተመለሰ» ማለት ማንንም አያሳፍርም።

የጡረታ ነገርም አይረሳ። በግል ድርጅትም ሆነ በኤንጂኦ ሲቆረጥ የነበረው 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ በመለያ ቁጥሩ ተመዝግቦ ይቀመጣል። አዲሱ አሠሪ በዚያው ቁጥር እንዲቀጥል ማድረግ የሠራተኛው ንቃት ነው። እሷ ቁጥሩን ያገኘችው በአሮጌ የስልክ ፎቶ ውስጥ ነው።

ለቀጣሪዎችም አንድ ነገር ልበል፤ ሙያዬ ስለሆነ። የስንብት ደብዳቤ ስትሰጡ የልምድ ደብዳቤውን በተሟላ መልኩ አብራችሁ ስጡ። አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሰውየውን ከሳምንታት ምልልስ ታድኑታላችሁ።

አሁን

መስከረም 2018 መጀመሪያ ላይ የሙከራ ጊዜዋ አለቀ። ቆጠራው ተደረገ። ጊዜው ያለፈበት ዕቃ 9 ካርቶን ሆኖ ተገኘ። ደመወዟ 28,000 ገባ፤ የትራንስፖርት አበልም ተጨመረላት። ከቀድሞው አሁንም በጣም ያነሰ ነው። የትልቁን ልጅ ትምህርት ቤት ቀይረዋል፤ እሱ አሁንም ይቆጫታል።

ባለፈው ወር አንዲት የቀድሞ ባልደረባዋ በአንድ ሳሙና ፋብሪካ ንብረት ክፍል ተቀጠረች። ተያዥ ሆና የፈረመችላት እሷ ናት።